ማዕዘን የሌለው ፓራውልት

አባቴ ሲቀየሙኝ አማርኛ ያናግሩኛል።

እኛ ቤት ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጓዳውም፣ በማሳውም፣ ለከብቱም፣ ለልጁም የሚነገረው አገውኛ ነው። አማርኛ የቀበሌ ነው፣ የትምህርት ቤት ነው፣ ከሩቅ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ ነው። አባቴ አማርኛው ጠፍቷቸው አይደለም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ያሳምሩታል። ግን የገዛ ልጃቸውን በአማርኛ ካናገሩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ደብተሬን ወንዝ ከትቼ የመጣሁ ለት «ና እስቲ ተቀመጥ» አሉኝ፤ በአማርኛ።  በማግስቱ ግን ወደ አገውኛው ተመለሱ። ኩርፊያቸው ከአንድ ቀን አልፎ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከነሐሴ እስከ ኅዳር ድረስ አንዲት የአገውኛ ቃል አልሰጡኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

የምንኖረው እንጅባራ ዳር ነው፤ ከተማው አልቆ የድንቹ ማሳ የሚጀምርበት። አባቴ ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር እንጂ እንጅባራ አይሏትም። እኔ ዳንግላ አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ለዓመታት በርና መስኮት ስበይድ ኖሬ፣ በኋላ አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከኋላዋ ክፍት ናት፤ ድንች ትጭናለች፣ ሰው ትጭናለች፣ ክረምት ላይ ሌላው መኪና ቆሞ በሚያለቅስበት ጭቃ ውስጥ እያጉረመረመች ትወጣለች። እወዳታለሁ። ባለቤቴ «ሁለተኛ ሚስትህ» ትላታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «የመጀመሪያዋ» ትላታለች፤ ያን ጊዜ ዝም ማለት ይሻላል።

አባቴ ደግሞ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም በእግሩ አይሄድም። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸው እንኳ ኮርቻ ላይ ሲወጡ ወገባቸው ይቃና ነበር፤ ሲወርዱ ነው መልሰው ሽማግሌ የሚሆኑት። ኮርቻውን ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ እንጨቱን ጠርበው፣ ቆዳውን አልፍተው። ዳማውን የሚያናግሩት እንደ ሰው ነው፤ በአገውኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንዳንዴ በፈረሱ ቀንቻለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ያን የነሐሴ ዕለት ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። የዳንግላ ገበያ እንዳያመልጠኝ ድንቹን ጭኜ በጥድፊያ ስወጣ ጃኬቴን በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ረሳሁት። አባቴ አዩት። ልጄን ብርድ ይመታብኛል ብለው ዳማውን ጫኑና በግጦሹ አቋርጠው፣ እኔ በመንገዱ ዞሬ የምመጣበት መታጠፊያ ላይ ቀደሙኝ። እዚያ ወርደው ልጓሙን በአንድ እጃቸው፣ ጃኬቴን በሌላው ይዘው ቆሙ። የመኪናዬን ድምፅ ያውቁታል፤ እኔም እንደማያቸው እርግጠኛ ነበሩ።

እኔ ግን በዚያ ጉም ውስጥ እበራለሁ። አንድ ጥቁር ነገር ፊቴ ድቅን ሲል ፍሬን ያዝኩ፤ ጭቃው ወሰደኝ። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ዘልዬ ወረድኩ። እዚህ ላይ ውሸት ብናገር ይህን ሁሉ መጻፌ ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ ያየሁት መኪናዋን ነው። የፊት መከላከያዋ፣ እኛ ፓራውልት የምንለው፣ ፕላስቲክ ነበርና ከመሃል ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ መብራት ከቦታው ወጥቷል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳበስኩት። «ወይኔ» እንኳ ብያለሁ። ቀና ስል አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ የዳማውን የፊት እግር በእኔ ጃኬት እየጠቀለሉ፣ ያዩኛል። በአማርኛ ጠየቁኝ።

«መኪናህ ተረፈች?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዳማው አልሞተም። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ ስንጥር አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ያነክሳል፤ ሰው አይሸከምም። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ቆዳው ከአንገቱ እስከ ታፋው ይርገበገባል። አባቴ ኮርቻውን ጠርገው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም በእግራቸው ሆነ። ላድርስዎት ስላቸው «በእግሬ እሄዳለሁ፤ አመሰግናለሁ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ! ለቀበሌ ሊቀ መንበር የሚባለውን ለእኔ።

አንድ ቀን በመስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ወደ አዘና መንገድ በኩል ለቅሶ ለመድረስ በእግራቸው ወጡ። አላስችል አለኝና መኪናዋን አስነስቼ ተከተልኳቸው። ለመሳፈር እምቢ አሉ። ተመለስ ግን አላሉኝም። እሳቸው ከፊት ጃንጥላቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ በአንደኛ ማርሽ፣ እስከ ለቅሶው ቤት ድረስ እንዲሁ ሄድን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ሽማግሌ የመኪና ጥጃ አስከትሎ መጣ እያለ። አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም። ጭቃው በከፋበት ግን መንገዱን በበትራቸው እየነኩ ጥልቁን ያሳዩኝ ነበር።

ይቅርታማ ጠይቄያለሁ። እንደ ወጉ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እግራቸው ሥር ተደፍቻለሁ። አነሱኝ፤ ድንጋዩን ተቀበሉኝ፤ ትከሻዬን አራገፉልኝ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። በአማርኛ። ባለቤቴ ዞር ብላ ሳቋን ስትውጥ አየኋት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ በአገውኛ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያችን የቤታችንን ቋንቋ እንዲመልሱልኝ።

ጥቅምት ሲገባ ፓራውልቱን ላበጅ ተነሳሁ። የተሰነጠቀውን በሽቦ ጠፍሬ ሁለት ወር ነድቻለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ፕላስቲክ መልሼ ላስገጥም ሞቼ ነው የምገኘው። ብረት አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ከብረት ጋር ነው ያሳለፍኩት። ከድሮው ሥራ ቤቴ የብየዳ ማሽን ተዋስኩ፤ ወፍራም የውሃ ቧንቧና ከበር ሥራ የተረፈ ላሜራ ሰበሰብኩ፤ ግቢያችን ውስጥ ከቀርከሃው አጥር ሥር ጀመርኩ። መብራት ሲመጣ እበይዳለሁ፤ ሲሄድ በሞረድ እሞርዳለሁ።

በሳምንቱ አለቀና ለልኬት መኪናዋ ላይ አሰርኩት። እኔው ራሴ ወደድኩት፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፍና ጫፉ በሹል የወጣ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ። ላዩ ላይ ባዶ ሲመስለኝ፣ የግቢ በር አናት ላይ ከምንተክላቸው የብረት ጦሮች ሦስት ተርፈውኝ ነበርና እነሱን ደርድሬ በየድኳቸው። አስቤበትም አይደለም፤ እጄ በር ለምዷል፣ በር ደግሞ ያለ ጦር አያልቅለትም። ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችውና ቆመች። አንዴ ዞረችው።

«መጥሪያውን የት ልታደርገው ነው?» አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። ለቀልድ ጊዜ የለኝም ብዬ ዞርኩባት፤ እሷ ግን ልብሱን እስክትጨርስ ድረስ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩት። ለምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። እኔ ሞኙ፣ መጠየቃቸው ራሱ ደስ ብሎኝ፣ አፌን ሞልቼ መለስኩ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር ብንገጭ መኪናዋ አትጎዳም።»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ጋጣው ሄዱና ዳማውን ይዘው መጡ። እያነከሰ ይመጣል፤ መኪናዋን ሲያይ አንገቱን ወደ ኋላ ጎተተ። ሞተሯ ጠፍቷል፤ ሽታዋን ያውቀዋል መሰለኝ። አባቴ አልታገሉትም። ጣታቸውን ጋማው ውስጥ ከትተው፣ ጆሮው ሥር በአገውኛ እያወሩት፣ እርምጃ በእርምጃ አምጥተው ፓራውልቱ ፊት አቆሙት። የመሃለኛዋ ጦር ጫፍ ልክ ደረቱ ላይ ሆነች። የዳሩ ሹል ደግሞ በተሰበረው እግሩ፣ ፀጉር ባልበቀለበት ጠባሳ ትይዩ ሆነ። ሜትር ይዤ ብለካው እንዲያ አይገጥምም ነበር።

ወደ እኔ አንድም ቃል አልተናገሩም። ለዳማው ነው የነገሩት። አትፍራ አሉት፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ገና ስላላየ ነው አሉት። አገውኛ እንደምሰማ ያውቃሉ። ሁለት ወር የተራብኩት ቋንቋ እኔን እያነሳ ለፈረስ ሲነገር ቆሜ ሰማሁ። 

የዚያኑ ዕለት ጦሮቹን ቆርጬ ጣልኩ። ሹሎቹንም፣ ከላሜራውም ግማሹን። ባለቤቴ አንዷን ጦር አንስታ ለበሩ ላስቀምጣት ወይ አለችኝ፤ ስታሾፍብኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር።

ምሳ ላይ አባቴ ለእሷ ስለ ኮርቻ ያወሯት ጀመር። ፈረስን የሚነካ ነገር ማዕዘን ሊኖረው አይገባም አሉ። እንጨቱ ጠርዝ ካለው ጀርባውን ይልጠዋል፤ ፈረሱ ደግሞ አመመኝ አይልም፣ ዝም ብሎ ይሸከማል። ኮርቻ ሲሠሩ በመዳፍ አይፈትሹም፤ መዳፍ ሥራ አደንድኖታልና ይዋሻል። ዓይንን ጨፍኖ በክንድ የውስጥ ቆዳ ነው። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ኮርቻ ልትሠራ እንዳሰበች ሴት በጥሞና ሰማቻቸው። ለእሷ ነው የሚነገረው፤ ለእኔ መሆኑን ግን ሦስታችንም እናውቃለን።

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ቧንቧው እንዳይጨማደድ ውስጡን አሸዋ ሞልቼ፣ በከሰል እሳት አግዬ፣ ግቢያችን ባለው የባሕር ዛፍ ግንድ ዙሪያ አጎበጥኩት። ባለቤቴ በእርጥብ ጆንያ ጫፉን ያዘችልኝ። ሁለት ጊዜ ተበላሸብን፤ በሦስተኛው እንደ ቀርከሃ ለጠጥ ብሎ ዞረ። ከፊት ሲያዩት የሚነካ እንጂ የሚወጋ ነገር የለውም። አስሬው፣ ሥራው እስኪያልቅ መኪናዋን ግቢ ትቼ በእግሬ ወደ ድንቹ ማሳ ሄድኩ።

ከሥራ ስመለስ ብረቱ ላይ የከሰል ምልክት አገኘሁ። አጭር ጥቁር መስመር፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ። ጣቴን ሳደርግበት ምንም የለም። እጅጌዬን ሰብስቤ የክንዴን ውስጥ ሳሳርፍበት ግን ጫረኝ። ስድስት ሰባት እንዲህ ያለ ምልክት ነበር። ሁሉንም አለሰለስኩና ከሰሉን ጠረግኩት። በማግስቱ ሌላ አራት ጠበቀኝ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ እኔ እንደወጣሁ አባቴ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክንዳቸውን ብረቱ ላይ በቀስታ ይጎትታሉ። አንድ ቦታ ይቆማሉ፣ ይመለሱበታል፣ ከዚያ ከኪሳቸው ከሰሏን ያወጣሉ። እኔ ስመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ደመናውን ያያሉ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ተነጋገርን፤ እሳቸው በከሰል፣ እኔ በሞረድ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ያው «ደህና ዋልክ ወይ» ነው።

አንዷ ምልክት አናደደችኝ። ከብረቱ ጀርባ፣ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚታሰርበት በኩል፣ ላሜራው ጠርዝ ላይ ናት። ፈረስ ከዚያ በኩል ምን ይሠራል? ዝንብ እንኳ አይደርስበትም። እልኸኛ ነኝ፤ ተውኳት። በማግስቱ ምልክቷ ሁለት ሆና ጠበቀችኝ። አሁንም ተውኳት። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሆኑ። ለባለቤቴ ሽማግሌው አበዙት አልኳት። እሷም አንተም እሳቸውም ከአንድ ግንድ የተፈለጣችሁ ናችሁ፣ እኔን ተዉኝ አለችኝ።

ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቄ ላስረው ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ቡሎኑ ከጀርባ ነው የሚጠብቀው፤ እጄን በጠባቡ ቦታ ሰደድኩ። ቁልፉ አዳለጠኝና የእጄ አንጓ በላሜራው ጠርዝ ላይ ሄደ። ደሜ ደረቴ ላይ ተንጠባጠበ። ቀና ብዬ ሳይ ሦስቱ የከሰል መስመሮች ልክ እጄን በቆረጠኝ ቦታ ላይ ተደርድረዋል።

ያ ምልክት ለፈረሱ አልነበረም። ቁልፍ ጨብጠው የማያውቁ ሰው፣ የእኔ እጅ የት እንደሚገባ አስበው፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ክንዳቸውን ሰደው ፈትሸውልኛል። አንዴ ነገሩኝ፣ ሁለቴ ነገሩኝ፣ ሦስቴ ነገሩኝ። መኪናዋ ሥር እንደተጋደምኩ አለቀስኩ። ሰው ቢመጣ እጄን አሞኝ ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም አልመጣም።

ጠርዙን አለሰለስኩት፤ አሰርኩት፤ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። አባቴ እጄ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አዩት። በማግስቱ ምልክት ፈለግኩ። ላዩን አየሁ፣ ታቹን፣ ጀርባውን፤ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ምልክቱ ካለቀ ከእንግዲህ በምን ሊያናግሩኝ ነው? ከበረንዳው ላይ ሆነው ጨረስክ ወይ አሉኝ፤ በአማርኛ። ጨረስኩ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ኅዳር ላይ፣ እንደገና ጉም የተኛበት ጠዋት ድንች ጭኜ ወደ ዳንግላ ወጣሁ። አባቴ በረንዳው ላይ አልነበሩም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል አልኩ። ያ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ከነሐሴ ወዲህ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ፈጥኜ አላውቅም። መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጆሮዬን አወጣለሁ። ጉሙ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። በመካከላችን አሥር እርምጃ ያህል ነበር።

አባቴ ናቸው። መንገዱ መሃል ቆመዋል፤ ልጓሙን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ ዳማው አጠገባቸው ነው። በዚያ እግሩ በግጦሹ አቋርጠው እያሳረፉ አምጥተውታል። የመኪናዬን ድምፅ እየሰሙ፣ ከመንገዱ አልወጡም።

ዘልዬ ወረድኩ። መኪናዋን አላየኋትም። ሮጬ የዳማውን እግር ያዝኩ፤ ከዚያ የአባቴን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል።  አባቴ ልጓሙን ለቀቁት። ዳማው ቆዳው እየተርገበገበ ቆየና አንገቱን አስረዝሞ ወደ ብረቱ ሄደ። አሸተተው። በአፍንጫው ገፋው። ከዚያ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ትከሻውን ቧንቧው ላይ አስደግፎ ያክክ ጀመር። ወዲህ ወዲያ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ መኪናዋን ከነድንቿ እያወዛወዘ ያክካል። አባቴ ሳቁ። ያን ሳቅ ከነሐሴ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ። የዳማውን እግር ያሰሩበት ጃኬቴ ነው። ከነደሙ ተጥሏል ብዬ ነበር። ታጥቧል፤ የተቀደደው እጅጌ በኮርቻ መስፊያ ወፍራም ክር ተሰፍቷል። ዘርግተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፣ ኮሌታውን አንገቴ ላይ ሰብሰብ አደረጉልኝ፣ በአገውኛም እንዲህ አሉኝ፦

«ጃኬትህን ረስተህ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ለበስኩት። ፈረስ ፈረስ ይሸታል።